የሃሊክ አሥራ ሁለተኛ ክለብ

ሃሊክ ቱሃሬያ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ የአሥራ አንድ ክለብ ማሊያ ለብሷል። ያልለበሰው አንድ ብቻ ነው፤ የተወለደበትን መንደር ማሊያ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ሃቱሪ፣ የተወለደባት የደሴት መንደር፣ በየዓመቱ ነሐሴ ላይ፣ በነጻነት በዓል ሰሞን፣ ከአጎራባች መንደሮች ጋር የዋንጫ ጨዋታ ታደርጋለች። ሃሊክ አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላው የመንደሩን ዘጠኝ ቁጥር እንዲለብስ ተመረጠ። እናቱ ማማ ጁባይዳ አረንጓዴውን ማሊያ በእጇ ሰፋች፤ ቁጥሩንም ከአሮጌ አንሶላ ቆርጣ ጀርባው ላይ ለጠፈች። ጨዋታው ሦስት ቀን ሲቀረው ከማካሳር የመጣ ተጫዋች መልማይ ልጁን ሜዳ ላይ አየውና በማግስቱ መርከብ አሳፍሮ ይዞት ሄደ። ማማ ማሊያውን አጣጥፋ፣ ብል እንዳይበላው ቅርንፉድ በትናበት፣ ሳጥን ውስጥ አኖረችው።

"የሚመጣው ነሐሴ ይለብሰዋል" አለች።

የሚመጣው ነሐሴ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ መጥቶ ሄደ። ነሐሴ ሊጉ የሚጦፍበት ወር ነው፤ ለመንደር ዋንጫ ብሎ አጥቂውን የሚለቅ አሰልጣኝ ደግሞ እናቱ አልወለደችውም።

ሃሊክ ኮከብ አልነበረም። ስሙ በጋዜጣ የወጣባቸው ቀኖች በአንድ እጅ ጣት ይቆጠራሉ፤ ከእነዚያም በሁለቱ ስሙ ተሳስቶ ነው የተጻፈው። ግን ጎል ያገባል። ስለዚህ ሁልጊዜ የሚፈልገው ሰው አያጣም፤ ሁልጊዜም ከአንድ ወይም ከሁለት ዓመት በኋላ የሚሸኘው ሰው አያጣም። ዳካ ላይ ሜዳው ጎርፍ ሆኖ ኳሷ ስትንሳፈፍ በደረቱ ገፍቶ አግብቷል። ፕኖም ፔን አንድ የሩዝ ነጋዴ በየጎሉ አንድ ዶሮ ይሰጠው ነበር፤ የወቅቱ መጨረሻ ላይ ደጃፉ ላይ አሥራ አራት ዶሮ ታስሮ ሲጮህ አከራይዋ ዶሮዎቹን አስቀርታ እሱን አስወጣችው። ዲሊ፣ ብሩናይ፣ ጃያፑራ... በየሄደበት ቋንቋውን የሚማረው ከሦስት ቃል ጀምሮ ነበር፤ "አቀብለኝ"፣ "ከኋላህ" እና "እናቴ ደህና ናት"።

ስለ ሥራው ሲጠየቅ አንድ አባባል ነበረው። "አጥቂ ማለት ሰማንያ ስምንት ደቂቃ ጠብቆ ሁለት ደቂቃ የሚሠራ ሰው ነው።"

"አባትህም እንደዚያው ነበር" ትለዋለች ማማ በስልክ። "እሱ ግን ዓሣ አጥማጅ ነኝ ይል ነበር።"

መንከራተት ሰውን ከቤቱ አያርቀውም። የሚያርቀው ቤቱ እሱ ሳያይ መለወጡ ነው። ሃሊክ በየነሐሴው፣ ባለበት አገር ሆኖ፣ ዛሬ ጎረቤታቸውን ዋይሳማን ገጥመው ይሆን፣ ዛሬ ግብ ጠባቂው ማን ይሆን እያለ ያስባል። የለበሳቸው ማሊያዎች ሁሉ ተውሶ የለበሳቸው ይመስሉት ነበር። በሠላሳ ስድስት ዓመቱ ግራ ጉልበቱ "በቃኝ" ሲለው አላዘነም። ሻንጣውን ዘግቶ ለእናቱ ደወለ።

"ማማ፣ ማሊያው አለ?"

"የት ይሄዳል? እንዳንተ እግር የለው!"

መርከቧ ዘግይታ ሃቱሪ የደረሰው ለፍጻሜው ጨዋታ ሁለት ቀን ሲቀር ነው። መንደሩ ያለ እሱ ለፍጻሜ አልፎ ነበር፤ ዘጠኝ ቁጥርን ግን ለማንም አላለበሱም። ማማ ሰላም ብላው እንኳ ሳትጨርስ ማሊያውን አወጣች። የቅርንፉድ ሽታ ቤቱን ሞላው።

"ልበሰው።"

አንገቱ ገባ፤ ደረቱ ገባ፤ ከዚያ በታች ነገር ተበላሸ።

"ሆድህን ሳብ!"

"ስቤዋለሁ ማማ።"

"ይሄ የተሳበ ነው? የልጄን ማሊያ አባቱ የለበሰው መሰለኮ!"

ከራሷ አረንጓዴ ሻሽ ሁለት ቁራጭ ቀድዳ ግራና ቀኙን ስታሰፋ ዋለች። ሃሊክ አጠገቧ ተቀምጦ መርፌ ውስጥ ክር ያስገባላታል፤ ዓይኗ ደክሟል። በነዚያ ሁለት ቀኖች እንደ ልጅ ሆነ። ሰው ሲጠይቀው "ቅዳሜ እጫወታለሁ" ይላል፤ ሳይጠይቁትም ይላል። የአክስቱ ልጅ ናዊር፣ የሃቱሪ ግብ ጠባቂ፣ "አንተ ልጅ፣ ሦስት አገር ላይ ዋንጫ አንስተሃል፤ የኛ ዋንጫ የብስኩት ቆርቆሮ ነው፣ ሽልማቱም አንድ ፍየል" ቢለው እንኳ ፈገግታው አልቀነሰም።

የፍጻሜው ተጋጣሚ ዋይሳማ ነበረች። ሃቱሪ እና ዋይሳማ ደግሞ ፔላ ናቸው።

ሃቱሪ የሙስሊም፣ ዋይሳማ የክርስቲያን መንደር ናት፤ በመካከላቸው የግማሽ ሰዓት መንገድ አለ። የቀድሞ አባቶቻቸው ደማቸውን ከዘንባባ ጠጅ ጋር በአንድ ቅል ቀላቅለው ጠጥተው ተማምለዋል። ፔላ ከፔላ አይጋባም፤ የፔላን ደም አያፈስም፤ ፔላው የለመነውንም አይከለክልም። የሃቱሪን መስጊድ ምሰሶ ከጫካ ተሸክመው ያመጡት የዋይሳማ ሰዎች ናቸው፤ የዋይሳማን ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ የከደኑት የሃቱሪ ሰዎች። ደሴቱ በነደደበት ዓመት፣ ሰው በሃይማኖቱ እየተለየ ሲታረድ፣ የዘጠኝ ዓመቱ ሃሊክና እናቱ ሦስት ቀን የተደበቁት ዋይሳማ ውስጥ፣ በቴቴ ኦቤት ጎተራ፣ ከኮኮናት ክምር ጀርባ ነበር። ቃል ኪዳን ሲነበብ ቀላል ነው። ክብደቱ የሚታወቀው የሚለኩበት ቀን ሲመጣ ነው።

ቴቴ ኦቤት የዋይሳማ ሽማግሌ ናቸው፤ "ቴቴ" አያት ማለት ነው፤ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። በፍጻሜው ቀን ጠዋት አንድ ዘለላ ሙዝ በትከሻቸው ተሸክመው ማማ ጁባይዳ ደጅ ቆሙ።

ማማ ከደስታዋ ብዛት ማሊያውን አንገቷ ላይ እንደጣለች ወጣች። እንግዳው ፔላ ሲሆን የሚባለውን የሰላምታ ቃል ሳታስብ፣ ልማድ አፏ ላይ እንዳስቀመጠላት፣ አለቻቸው።

"ይግቡ ቴቴ! ዓይንዎ ያረፈበት ሁሉ የርስዎ ነው።"

ሽማግሌው ገብተው ተቀመጡ። ሻይ ቀረበላቸው። ስለ ቅርንፉዱ ምርት አነሡ፤ ስለ ዝናቡ አነሡ፤ ስለ ጉልበታቸው አነሡ። ሃሊክ ከፊታቸው ሆኖ ታኬታውን ይጠርጋል።

"ዮፒን ታውቀዋለህ፤ የልጅ ልጄን" አሉት በመጨረሻ።

"አጥቂያችሁን? እንዴት አላውቀውም ቴቴ!"

"ትናንት ከቅርንፉድ ዛፍ ላይ ወደቀ። እግሩ በሸምበቆ ታስሮ ተኝቷል። ነፍሱ ደህና ናት፤ አፉም ደህና ነው፣ ሲሳደብ አደረ።"

"አይዞት! ከጨዋታው በኋላ መጥቼ አየዋለሁ።"

"መልካም። እና... ዛሬ አጥቂ የለንም።" ሻያቸውን አስቀመጡ። ሙዙን አዩ፤ ግድግዳውን አዩ። ከዚያ ዓይናቸው ሃሊክ ላይ አረፈና እዚያው ቀረ።

ማማ በወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ነበር። ማንኪያው ከእጇ ወደቀ።

"ቴቴ" አለች በቀስታ፤ "እቤቴ ሌላ ነገር የለም? ፍየል አለች። ሁለት ፍየል አለች።"

"ፍየል ጎል አያገባም ጁባይዳ።"

ሃሊክ ታኬታውን ይዞ ቀረ። እምቢ ማለት ይችል ነበር? አሥራ አንድ ክለብ ውል አስፈርሞታል፤ ሁሉንም ውል የሚያፈርስበት አንቀጽ ነበረው። ይሄኛው አንቀጽ የለውም፤ በደምና በጠጅ የተጻፈ ነው፤ እሱ ራሱ ደግሞ የኮኮናት ክምሩን ሽታ አልረሳም።

"እጫወታለሁ ቴቴ" አለ።

"በሙሉ ልብህ?"

"ይሄንንም ይለምናሉ?"

"በግማሽ ልብ የተሰጠ ወንድም አልተሰጠም" አሉ ሽማግሌው ከመቀመጫቸው እየተነሡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ማማ አንገት ላይ ያለውን አረንጓዴ ጨርቅ አዩ፤ ጥፋታቸውን ያወቁ ያህል ዓይናቸውን ቶሎ መለሱ።

ማማ ሲሄዱ ጠብቃ ሙዙን መላጥ ጀመረች። እንዲያ ያለ አላላጥ! አንዱ ሙዝ ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ ገንፎ ሆነ።

"ምላሴን ይቁረጠው" አለች። "ምን ነበር 'ይግቡ' ብዬ ዝም ብል!"

የሃቱሪ ሜዳ በአንድ በኩል ባሕር ነው፤ በሌላው በኩል ቅርንፉድ ምንጣፍ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል። ኳስ ባሕር ከገባች ታንኳው ላይ የሚጠብቅ ዓሣ አጥማጅ ያወጣታል። ቅርንፉድ የረገጠ ተጫዋች ደግሞ ቆሞ ይቅርታ ጠይቆ፣ የበተነውን ሰብስቦ ነው ወደ ጨዋታው የሚመለሰው። ዳኛው ከሦስተኛ መንደር የመጣ የሒሳብ መምህር ነበር። "የመንደር ዋንጫ ዘመድ ያጫውታል፤ ፔላ ደግሞ ከዘመድም በላይ ነው" ብሎ ሃሊክን በቀዩ የዋይሳማ ማሊያ አሰለፈው። የዮፒ ማሊያ ነው፤ ዮፒ ቀጭን ነው።

ሃሊክ ወደ ሜዳው ሲገባ መንደሩ ሁሉ ጮኸ፤ ጩኸቱ ሳቅም ቁጣም ነበረበት።

"ሃሊክ!" አለ ናዊር ከግቡ። "ይሄ ስንተኛ ክለብህ ነው?"

"አሥራ ሁለተኛ!"

"በዚህ አያያዝህ ነገ ለዓሣዎቹ ትፈርማለህ!"

ማማ ጁባይዳ ከሃቱሪ ሴቶች መካከል ተቀምጣ፣ አረንጓዴውን ማሊያ ጭኗ ላይ አድርጋለች።

"ማማ፣ ዛሬ የማን ደጋፊ ነሽ?" አለቻት አንዷ።

"የዝናቡ" አለች ማማ ሰማዩን እያየች። ሰማዩ ግን ደመና አልነበረበትም።

የፔላ ጨዋታ ለማየት ያስቃል። ደም ማፍሰስ ነውር ስለሆነ ማንም ማንንም በኃይል አይገፋም፤ ተከላካዩ አጥቂውን ቢጥለው አብሮት ይወድቃል፣ ትቢያውንም ያራግፍለታል።

"ይቅርታ ወንድሜ፣ አመመህ?" ይለዋል የሃቱሪው ተከላካይ፣ ሃሊክ በተነሣ ቁጥር።

"አላመመኝም። ኳሷን ግን ተውልኝ።"

"እሱን አልችልም ወንድሜ፤ እሱን ማረኝ።"

የመጀመሪያው አጋማሽ ያለ ጎል አለቀ። ሃሊክ በዕረፍቱ ውኃ እየጠጣ ከሜዳው ማዶ እናቱን አየ። ማሊያውን ታጥፈዋለች፤ ትፈታዋለች፤ መልሳ ታጥፈዋለች። ልቡ ላይ አንድ ክፉ ሐሳብ መጣ፤ ሆን ብዬ ብስት ማን ያውቃል? አጥቂ ኳስ ሊስት እንደሚችል ሁሉም ያውቃል። ቀና ሲል ግን ቴቴ ኦቤት በፕላስቲክ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ያዩታል፤ አይማጠኑም፣ አይቆጡም፣ ያዩታል ብቻ። ሐሳቡን ከውኃው ጋር ዋጠው።

በሰባኛው ደቂቃ ከማዕዘን የተሻገረች ኳስ ከፍ ብላ መጣች። ሃሊክ አላሰበም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንጀራውን የበላበት አንገቱ ከልቡ ቀድሞ ወሰነ። በቴስታ መታት። ናዊር ሲዘል ኳሷ መረቡ ውስጥ ነበረች።

ሃሊክ እጁን ወደ ታች ጥሎ ቆመ።

"ጎል ነው እንዴ?" አለች አንዲት አሮጊት።

"ጎል ነው እንጂ! ዓይን የላችሁም?" ብላ ማማ ጁባይዳ ብድግ አለች። "ልጄ ከመታ ይገባል! አንገቱን አያችሁት?" ከዚያ የት እንደተቀመጠች ትዝ አላትና በማሊያው አፏን ከደነች።

"ማማ!" ጮኸ ናዊር ከግቡ፣ ኳሷን ከመረብ እያወጣ። "አንቺ የማን እናት ነሽ?"

ሃሊክ ራሱም ሳቀ። ከሳቁ በኋላ ግን ሰዓቱን አየ። ሃያ ደቂቃ ቀርቷል፤ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ነሐሴ ያልፋል፤ ለሚመጣው ነሐሴ ደግሞ ጉልበቱ ዋስ አይሆነውም። ዶክተሩ ነግሮታል። ለእናቱ አልነገራትም፤ እሷ ግን ደረጃ ሲወጣ አይታዋለች፤ እናት ከዶክተር ምን ታጣለች?

ዘጠኝ ደቂቃ ሲቀር ማማ ጁባይዳ ተነሣች። ጨዋታው እየተካሄደ ሜዳውን በመካከል አቋርጣ መራመድ ጀመረች። ተጫዋቾቹ መንገድ ለቀቁላት፤ ኳሷን የያዘው የዋይሳማ ልጅ እንኳ በእግሩ አቁሟት "እለፊ ማማ" አላት። ዳኛው ፊሽካውን ነፋ። በወዲያኛው ዳር ያለውን ቅርንፉድ ሳትረግጥ ዞራ ቴቴ ኦቤት ፊት ቆመች።

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋት።

"ነይ ጁባይዳ" አሉ። "ዓይንሽ ያረፈበት ሁሉ ያንቺ ነው።"

ይህን ያሉት እሷ ጠዋት እንዳለችው በልማድ ይሁን ወይስ አስበውበት፣ እስከ ዛሬ በሁለቱ መንደሮች ያከራክራል። ሲጠየቁ "አርጅቻለሁ፣ አላስታውስም" ይላሉ፤ የሌላውን ሰው የጋብቻ ቀን ሳይቀር የሚያስታውሱ ሰው።

ማማ እጇን ዘርግታ ወደ ሜዳው ጠቆመች። "ያንን ወፍራሙን እፈልጋለሁ" አለች።

ቴቴ ኦቤት ሳቁ፤ የቀሯቸው አራት ጥርሶች እስኪታዩ ሳቁ። "ውሰጂው! ከዕረፍት ጀምሮ ስጠብቅሽ ነበር፤ ፔላ መሆንሽን የረሳሽ መስሎኝ ነበር።"

ዳኛው እየሮጠ መጣ። "አይሆንም! አንድ ተጫዋች በአንድ ጨዋታ..." ትንሿን የደንብ መጽሐፍ አውጥቶ ገለጠ፤ ላቡን ጠረገ፤ ደግሞ ገለጠ። "ተቀይሮ የወጣ ተጫዋች ተመልሶ አይገባም ይላል።"

"በሌላው በኩል አይገባም ይላል?" ጠየቁት ቴቴ።

መምህሩ ገጹን ከላይ እስከ ታች አነበበ። "እሱን... አይልም።"

"እንግዲያው ምን ታስረዝማለህ? ዝናብ ሊመጣ ነው።" ሰማዩ ላይ አሁንም ደመና አልነበረም።

ሃሊክ ቀዩን ማሊያ ለማውለቅ ሁለት ሰው ረዳው። ማማ ሜዳው መካከል፣ በሁለት መንደር ሕዝብ ፊት፣ አረንጓዴውን በአናቱ አጠለቀችለት።

"ሆድህን ሳብ" አለችው። ድምጿ ተሰብሮ ነበር።

"ስቤዋለሁ ማማ።"

"ዋሽተሃል" አለችና ዘጠኝ ቁጥሩን በመዳፏ መታ መታ አድርጋ ሄደች።

ዘጠኝ ደቂቃ ተጫወተ። እውነቱን ለመናገር፣ በሕይወቱ እንዲያ ክፉኛ ተጫውቶ አያውቅም። ሁለት ጊዜ ከጨዋታ ውጪ ተያዘ፤ አንዴ ኳሷን ስቶ አየር መታ፤ አንዴም ቅርንፉድ ረግጦ እየተንበረከከ ሲለቅም ጥሩ ዕድል አለፈው። ሁልጊዜ የሚጠብቀው ሰው ዛሬ መጠበቅ አቃተው፤ ወዲህ ሮጠ፣ ወዲያ ሮጠ፣ ከአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ በማይለይ ስስት ሁሉንም ኳስ ፈለገ። በመጨረሻው ደቂቃ ግን ኳሷ ራሷ ፈለገችው፤ ግራ እግሩ ስር መጣች። ያ የታመመው ጉልበት ሳያማክረው መታት። ኳሷ የዋይሳማን ግብ ጠባቂ አልፋ አግዳሚውን ጓ! አድርጋ ወደ ሰማይ ወጣች፤ ከሰማይም ወደ ባሕር። ታንኳው ወደ እሷ እየቀዘፈ ሳለ የማብቂያው ፊሽካ ተነፋ።

ሃቱሪ አንድ ለዜሮ ተሸነፈች፤ በገዛ ልጇ ጎል።

"ለባዕድ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አገባህ!" አለችው ማማ እየተቆጣች፣ ዓይኖቿ ግን እያበሩ። "ለእናትህ ሲሆን ብረት ትመታለህ?"

"ብረቱ ዝቅ ብሎ ነው ማማ።"

"ሆድህ ከፍ ብሎ ነው!" አለ ናዊር፣ አንገቱን አቅፎ።

የዋይሳማ ሰዎች የብስኩት ቆርቆሮውን ለዮፒ ይዘውለት ሄዱ። ፍየሉን ግን እዚያው ተዉት፤ የሃቱሪ ኢማም ባረከው፣ ሁለቱም መንደር አብሮ እንዲበላ። ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ ረጅም ጨርቅ ሣሩ ላይ ተነጠፈ፤ ሳጎ ከሚባል ዘንባባ ዱቄት የተሠራ ገንፎና የዓሣ መረቅ መጣ፤ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ክርን ለክርን ተቀመጡ። ሃሊክ መካከላቸው ነበር፤ ከቀኝ "የኛ አጥቂ" ይሉታል፣ ከግራ "ከሃዲው" ይሉታል፤ ሁለቱም ሥጋ ያጎርሱታል።

"አውልቀው ልጠበው" አለችው ማማ ከኋላው መጥታ። ማሊያው በላብና በትቢያ ጠጥሮ ነበር።

"ነገ" አላት።

በማግስቱም "ነገ" አላት። በሦስተኛው ቀን ለብሶት ዮፒን ሊጠይቅ ዋይሳማ ሄደ፤ በአራተኛው ቀን ለብሶት ቅርንፉድ ሲያሰጣ ዋለ። በአምስተኛው ቀን ሽታው ከቅርንፉዱ በለጠ፤ ማማ ጁባይዳ ናዊርን ጠርታ፣ አንዱ እጁን አንዱ አንገቱን ይዘው፣ በግድ አወለቁበት።